ቃለ ጉባኤው ላይ ስለፈረምሽው

ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? ወንድምሽ ትናንት ማታ ደውሎ ነበር። የአፈር ምርመራው ውጤት ሳይመጣ የመሠረቱ አርማታ ይሞላ ተብሎ ሲወሰን አንቺም ሳታምኚበት ፈርመሻል አሉ። «ሁሉም እሺ ሲል እኔ ብቻዬን ምን ልበል?» አልሽው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ፣ ዝም አትበይ።

የቤት ማኅበራችንን ነገር ግማሹን ነው የምታውቂው። ኮንትራክተሩ ቅድሚያ ክፍያውን ይዞ ጠፋ ብለን ነው የነገርንሽ። ያልነገርኩሽ፣ ያ ሰውዬ ሌላ ከተማ ጀምሮ የተወውን ሕንፃ በዓይኔ አይቼ ነበር። የስብሰባው ቀን ሰብሳቢያችን፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ፣ ገና ሳንወያይ «እኔ አምኜበታለሁ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉ። እጅ ወጣ። ግራ ቀኙን አየሁና የእኔም ወጣ። ከአዳራሹ ስንወጣ አንዱ «እኔስ ሰውየው አላማረኝም» ሲለኝ ሌላው «እኔም» አለ። ሦስት ነበርን፤ እያንዳንዳችን ግን ብቻዬን ነኝ ብለን። እናትሽ ሃብሏን የሸጠችበት ብር እንደዚያ ሄደ።

የአሜሪካኖቹን የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀርን ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በፈረንጆቹ 1986 ጥር ላይ፣ መንኮራኩሯ ልትነሳ ዋዜማ፣ ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች የመገጣጠሚያው ጎማ በብርድ ይደርቃልና ይቆይ ብለው ተከራከሩ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ሰዎች፣ ናሳዎች፣ አልወደዱትም። የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው መከሩና አራቱ ብቻ ድምፅ ሰጥተው ትሂድ አሉ። በማግሥቱ፣ በተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነችና ሰባት ሰው አለቀ። እነዚያ መሐንዲሶች ተናግረው ነው ያልተሰሙት። አንቺ ግን ሳትናገሪ ነው የፈረምሽው!

አለቃ ቀድሞ ሐሳቡን ከተናገረ ስብሰባው እዚያው አለቀ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እንኳ በፈረንጆቹ 1961 ኩባን አስወርራለሁ ብሎ ከተዋረደ በኋላ፣ በ1962 ሶቪየቶች ኩባ ላይ ያስቀመጡት ሚሳይል ጉዳይ ሲመጣ፣ አማካሪዎቹ ሳይፈሩ እንዲነጋገሩ አንዳንዴ ስብሰባውን ትቶላቸው ይወጣ ነበር። የእናንተው አለቃ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰኞ ከመግባትሽ በፊት የሥራ ጓደኞችሽን አንድ በአንድ ጠይቂ፤ አንቺ የምታስቢውን የሚያስብ አታጪም። እሺ ካላሉሽ የልዩነት ሐሳብሽ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ በይ። ከእንግዲህ ሳይጻፍ እንዳትፈርሚ። ዝም አትበይ፣ ዝምታሽን እሺታ ነው የሚሉት።

ከሥራ ቢያስወጡሽም አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ደግሞ ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ፣ ከስተሻል አሉኝ።

የሕንፃውን ነገር ለእናትሽ ነግሬያት አላውቅም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እነግራታለሁ። እስከዚያ አንቺም እንዳታነሺባት።

ሽሮና በርበሬ ቅዳሜ በአውቶቡስ እልካለሁ፣ ጠዋት መነኻሪያ ሄደሽ ተቀበዪ።

አባትሽ