ጎርፍ ለጎዳው የግራር ችግኝ ጣቢያችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የቅሬያችን (የእድራችን) አባላት፣ እንዲሁም በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ለምትኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች በሙሉ፤

በነሐሴ ከተራራው የወረደው ጎርፍ የችግኝ ጣቢያችንን የታችኛውን የድንጋይ ግድግዳ ንዶ፣ ችግኞቹ የሚጠለሉበትን ዳስ ከነምሰሶው ገፍቶ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውንም ደለል ሞልቶበት እንደሄደ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ጎርፉ የገባው ግድግዳው ሳይጠናቀቅ በቀረበት በኩል ሲሆን፣ ሳይጠናቀቅ የቀረውም ባለፈው ጥሪያችን የተጀመረው መዋጮ መሐል ላይ ስለቆመ ነው። በተደጋጋሚ እጃችንን ወደ እናንተ መዘርጋታችን እኛንም አድክሞናል፤ ሆኖም የግራር ዘር እስከ የካቲት ካልተዘራ ችግኙ ለሐምሌ ተከላ ስለማይደርስ ዝም ብለን መቀመጥ አልቻልንም።

የምታዋጡት ገንዘብ የሚገባው በቅሬው ስም በተከፈተውና ሦስቱ ፈራሚዎች ካልፈረሙ ምንም ወጪ በማይደረግበት የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በቅሬ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይገኛል።

ችግኞቻችን የሚተከሉበት ኮረብታ ምን ይመስል እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት ለማገዶና ለከሰል የተጨፈጨፈውንም ሁላችንም አይተነዋል። ኮረብታው ከከብት ተከልክሎ፣ ሣሩ እየታጨደ ለአባላት በዕጣ እንዲከፋፈል ከተደረገ በኋላ ግን ከተቆረጡት ጉቶዎች ብዙዎቹ አቆጥቁጠዋል፣ እርከኑም አፈር መያዝ ጀምሯል። ጉቶ ባልቀረበት ገላጣ ላይ የሚተከለውን ችግኝ ያፈላው ይኸው ጣቢያ ነው።

ባለፈው መዋጮ ላይ የሚነሳው ዋና ቅሬታ፣ ገንዘቡ በአፈር ማጓጓዣ፣ በላስቲክና በቀን ሠራተኛ አለቀ የሚል ነው። እውነት ነው፣ ያለቀው በዚያ ነው፤ የግራር ችግኝ የሚፈላው ግን በዚሁ ነው። የግራር ዘር ሽፋኑ ጠንካራ በመሆኑ የፈላ ውኃ ፈስሶበት፣ ውኃው እየበረደ ለ24 ሰዓት ያህል ካልተዘፈዘፈ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። ከዚያ በፊትም ነቀዝ የበላው ዘር ተለቅሞ መጣል አለበት፤ ዛፉ ላይ እያለ በነቀዝ የተበሳ ዘር እጅግ ብዙ ነውና። ዋና ሥሩ ቶሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ላስቲኩን በስቶ መሬት እንዳይዝ በየጊዜው እየተነሳ መከርከም አለበት፤ ይህ ሥራ ካልተሠራ ችግኙ ለተከላ ሲነቀል ሥሩ ተበጥሶ ይደርቃል። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ የወጣው ለዚህ ነው። ደረሰኞቹ በሣጥን ስላሉ ማንም አባል መጥቶ ሊያገላብጣቸው ይችላል።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርስና ይሸጥ ነበር የሚሉንም አሉ። ለግል ማሳ ዳርቻ ያ ሊሆን ይችላል። ለተጎዳ ዳገት ግን ግራር ይሻላል፤ በሥሩ ላይ ባሉ ትንንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጂን እየያዙ አፈሩን ያለማሉ፣ ፍሬው በበጋ ለፍየል መኖ ይሆናል፣ አበባው ንብ ይቀልባል። ለዚህም ነው ደጋውን በባዝራ ግራር፣ የእርሻውን ዳር ደግሞ ገርቢ በተባለው ዛፍ ለመሸፈን የወሰንነው። ገርቢ ከሌላው ዛፍ በተቃራኒ ቅጠሉን በክረምት አራግፎ በበጋ ስለሚለመልም ከሥሩ የተዘራውን እህል አይጋርድም።

ከባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ሽቶ የሚሠራበትን፣ አበባው የሚያውደውን የአሜሪካ ግራር ለምን አትተክሉም ብለው በቅንነት ጠይቀውናል። ተክሉን አጥንተናል። በሳይንሳዊ ስሙ ቫቼሊያ ፋርኔሲያና ይባላል፤ ከሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ወደ አውሮፓ ተወስዶ በ17ኛው መቶ ዘመን ሮም በሚገኘው የፋርኔዜ አትክልት ስፍራ በቅሏል፣ ሊኔየስም በ1753 እ.ኤ.አ. ስም አውጥቶለታል። ቁመቱ ከጥቂት ሜትር የማይበልጥ፣ በቅጠሉ ሥር ጥንድ ጥንድ ቀጥ ያለ እሾህ ያለው፣ ቢጫ ክብ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በግራስ አካባቢ አበባው ለሽቶ ሲለማ ኖሯል፤ ፍሬውና ልጡ ቆዳ ያለፋል፣ ሙጫውም ጥቅም አለው፣ ድርቅም ይችላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየደረሰበት በእበቱ ይዘራዋል፣ ሲቆርጡትም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በአውስትራሊያና በፊጂ የግጦሽ መሬትን የወረረ እሾሃማ ጥሻ ሆኗል። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ በአፋር ምድር ያደረሰው ጉዳት ለእኛ በሩቅ የምንሰማው ነገር አይደለም፤ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጡ አርብቶ አደሮች ግጦሻቸው እንዴት እንደተበላ ይነግሩናል፣ እሱም የተስፋፋው በከብት ሆድ ነው። ስለዚህ የተላከልንን ሐሳብ በምስጋና ተቀብለን፣ ዘሩ እንዳይላክ ግን በአክብሮት ጠይቀናል። ልጆቻችን ለዘሩ ሊያወጡት ያሰቡትን ለግድግዳው ቢያደርጉት የበለጠ ይጠቅመናል።

በእምነትም ቢሆን የምናሳስበው አዲስ ነገር የለም። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የቃል ኪዳኑ ታቦት ከግራር እንጨት እንዲሠራ መታዘዙንም የቤተ ክርስቲያን ልጆች ከዘጸአት ምዕራፍ 25 ታውቃላችሁ። በወዳጃው (በጋራ የዱዓ ስብስባችን) ላይ ዱዓ ያደረጉልን አባቶችና በሰንበቴ ያሳሰቡልን ካህናት የተናገሩት አንድ ነው።

ድንጋይና አሸዋ በጅጌ (በደቦ) ስለምናወጣ ለእነሱ ገንዘብ አንጠይቅም። የቸገረን የጋቢዮን (ድንጋይ የሚታጨቅበት) ሽቦ፣ ስሚንቶ፣ የዳስ እንጨትና የግንበኛ ዋጋ ነው። እያንዳንዱ አባል ቢያንስ 200 ብር፣ አቅም ያለው ከዚያ በላይ እንዲያዋጣ እንለምናለን፤ ሽቦ ወይም ስሚንቶ በዓይነት የሚሰጥም ንብረት ያዡ ዘንድ አድርሶ ደረሰኝ ይቀበል። ግድግዳው እስከ ጥር መጨረሻ ማለቅ አለበት።

በድጋሚ ለማሳሰብ፣ ገንዘቡ በቅሬው የባንክ ሒሳብ ብቻ ይግባ፤ ቁጥሩ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽና በጣቢያው በር ላይ ይገኛል። ስታስገቡ ስማችሁንና «ለችግኝ ጣቢያ» የሚለውን አስጽፉ፣ የባንኩን ወረቀትም ለገንዘብ ያዡ አሳዩ ወይም ላኩ። በግል ሒሳብ እንድትልኩ የሚጠይቃችሁ ሰው ከኮሚቴው የተላከ አይደለም። ባንክ ለሚርቃችሁ አረጋውያን ገንዘብ ያዡ በወር መጨረሻ በቅሬው ስብሰባ ላይ በደረሰኝ ይቀበላል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ለማንም እንዳትሰጡ።

የችግኝ ጣቢያው ኮሚቴ