የኮሌጅ ማመልከቻሽን ስትሞዪ

ይድረስ ለልጄ፣

አንድ ቤት እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። ግን አጎትሽ ባለበት ወሬ አይጨረስም። "እኛ ሐበሻ ነን፣ ጥቁር የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ዶለን?" ሲል ሰምተሻል፤ ማመልከቻው ላይ ዘር የሚጠየቅበትን ሳጥን ማለቱ ነው። አጎትሽን እወደዋለሁ። በዚህ ነገር ግን አትስሚው።

የምንኖርበት ሜሪላንድ ምን እንደነበረ ላጫውትሽ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበር። የባልቲሞሩ ልጅ ቱርጉድ ማርሻል ይህን ስለሚያውቅ ዋሽንግተን ያለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1933 ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ። ከዚያስ? ከመምህሩ ከቻርልስ ሂውስተን ጋር ሆኖ ያንኑ ትምህርት ቤት ፍርድ ቤት ገተረው! ጥቁር በመሆኑ ብቻ ለተከለከለው ለዶናልድ መሬይ ተከራክረው ረቱ። በ1936 የሜሪላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። ማርሻል በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል።

የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማረው እዚያው ሃዋርድ ነው። ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጥቁር አሜሪካውያንን አስተባብሮ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ። እነሱ ያኔ "ኢትዮጵያ የእኛም ናት" ብለው ከኪሳቸው አዋጡ። ዛሬ ተራችን ሲደርስ "እኛ ሌላ ነን" ማለት ደስ አይልም።

አንድ የሚጎረብጥ ነገርም አለ። በ2004 የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮቹ ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ግዊኒየር፣ እዚያ ከሚማሩት ጥቁሮች አብዛኞቹ የካሪቢያንና የአፍሪካ ስደተኞች ወይም የእነሱ ልጆች መሆናቸውን አንስተው ነበር። የባርነቱን ዕዳ የተሸከሙት ሰዎች የልጅ ልጆች ጥቂት ነበሩ። ይህ አንቺንም ይመለከታል። አትሸማቀቂበት፣ ግን እወቂው።

በጁን 2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ጉዳይ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን ቆጥረው እንዳይቀበሉ ከለከለ። የከሳሾቹ ቅሬታ ባዶ አልነበረም። ሃርቫርድ ለአመልካቾች "ስብዕና" በሚሰጠው ነጥብ የእስያ ልጆች በአማካይ ዝቅ ይሉ ነበር። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። በዚያው ክርክር በወጣው መረጃ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ሃርቫርድ ከተቀበላቸው ነጮች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወይ ስፖርተኞች፣ ወይ የቀድሞ ተማሪዎችና የመምህራን ልጆች፣ ወይ የቅበላ ኃላፊው ለይቶ የያዛቸው (የለጋሾች ልጆች ጭምር) ነበሩ። ይህን ማን ነካው? ፍርዱ እንዳለ ተወው። ሜሪላንድ ግን ለቀድሞ ተማሪ ልጅ ቅድሚያ መስጠትን በ2024 በሕግ ከልክላለች። ጎሽ ብያለሁ።

ስለዚህ ሳጥኗን ሙዪ፣ ግን ነጥብ አትጠብቂባት። ዋናው ድርሰትሽ ነው። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ራሱ፣ አመልካች ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ ዩኒቨርሲቲው ሊያየው ይችላል ብሏል፤ ከራሱ ከልጁ ብርታት ወይም ችሎታ ጋር ከተያያዘ። "ጥቁር ነኝ፣ ስደተኛ ቤተሰብ አለኝ" ብለሽ አታቁሚ። ገና ሕፃን ሆነሽ ክሊኒክ ውስጥ ለአያትሽ ታስተረጉሚ ነበር። ሐኪሙ እሷን ትቶ አንቺን ብቻ ሲያናግር "እሷን ያናግሯት" ያልሽውን ጻፊ። እንደዚያ ያለ ነገር ሌላ ማንም አይጽፍልሽም። ደግሞ የመከራ ታሪክ አታጋንኚ፤ ችጋር ላይ አላሳደግንሽም።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ብሎ የማመልከቻው ቀን ኖቬምበር 1 ነው። የፋፍሳውን (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ቅጹን) የወላጅ ክፍል እኔና አባትሽ እንሞላለን። ረቂቁን እስከ እሑድ አሳዪኝ፤ እንግሊዝኛሽን አልነካም፣ ስለ አያትሽ የተሳሳተ ካለ ግን አርማለሁ።

እናትሽ