ውሾቹን ከማባረራችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የጋራ መኖሪያ ቤት መንደር ነው። በቅርቡ የነዋሪዎች ማኅበራችን በጠራው ስብሰባ ላይ፣ በግቢው ያሉ ውሾች በሙሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲወጡ የሚል ሐሳብ ቀርቦ የሚበዛው ተሰብሳቢ በጭብጨባ ተቀብሎታል። ውሳኔው ገና በጽሑፍ አልወጣም። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምሬ የሥራ ዘመኔን ከእንስሳትና ከባለቤቶቻቸው ጋር ያሳለፍኩ በመሆኔ፣ በስብሰባው በተሰጠኝ ጥቂት ደቂቃ ተናግሬ ያልጨረስኩትን በጋዜጣዎ በኩል ላቅርብ ብዬ ይህን ጻፍኩ። ከሌሎች መንደሮች ከሚኖሩ ወዳጆቼ እንደምሰማው፣ ክርክሩ የእኛ ግቢ ብቻ አይደለም።

ቅሬታው መሠረት የለውም ብዬ አልከራከርም። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ቀን የሚተኙ ጎረቤቶቻችን በጩኸት እንቅልፍ አጥተዋል፤ ደረጃዎቻችንም በዓይነ ምድር ይበላሻሉ፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንድ ሕፃን ተነክሷል። እናቱ እንባ እየተናነቃቸው የተናገሩትን ሰምቶ የማይራራ አንጀት የለም። ነገር ግን ልጁን የነከሰውን ውሻ አውቀዋለሁ። ከሕንፃው ጀርባ ካለ የብረት ምሰሶ ጋር በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ያድራል። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ በክብ ተልጦ ሣር አይበቅልበትም፤ የውኃ ጣሳው ብዙውን ጊዜ ተገልብጦ ከዚያ ክብ ውጭ ነው፤ የአንገቱ ፀጉር በብረቱ ተመልጦ ቆዳው ጠቁሯል። ሰው ወደ እርሱ የሚጠጋው ወይ ትርፍራፊ ሊጥልለት፣ ወይ ድንጋይ ሊወረውርበት ነው። ልጁ የተነከሰው ኳሱን ሊያነሣ ወደዚያ ክብ በገባ ጊዜ ነበር።

የፈራ ውሻ በተፈጥሮው መጀመሪያ የሚፈልገው መሸሽ ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ጭራውን በእግሮቹ መካከል ያስገባል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ከዚያም ያጉረመርማል። ይህ ሁሉ «አትቅረቡኝ» የሚልበት መንገድ ነው፤ መንከስ የሚመጣው ይህ ሳይሰማለት ሲቀር ነው። የታሰረ ውሻ ደግሞ መሸሻ የለውም። ዘወትር በሰንሰለት የሚውል ውሻ ለሚቀርበው ሁሉ ቁጡ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም። ማጉረምረሙን በዱላ የምናስተወው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ስለምናጠፋበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል።

ብዙዎቻችን ውሻ የምናሳድገው ቤት እንዲጠብቅልን ስለሆነ፣ ቁጡ መሆኑን እንደ ጥሩ ጠባይ እንቆጥረዋለን። ባደግሁበት ሰፈር ቡችላ ሲመጣ ጆሮው ይቆረጣል፣ በርበሬ ይቀምሳል፣ «ሰው እንዳይለምድ» ተብሎም ጨለማ ጥግ ውስጥ ይታሰራል። ዛሬም ይህን የሚመክሩ ሰዎች ይገጥሙኛል፤ ጥቂቶቹም የተማሩ ናቸው። በእኔ እምነት ለቤት ጥበቃ ከዚህ የከፋ አስተዳደግ የለም። ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛውና አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ ያየውን፣ የሰማውንና ያሸተተውን ነገር የዓለሙ አካል አድርጎ ይቀበላል። በእነዚህ ሳምንታት ሕፃናትን፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት፣ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ካልለመደ፣ በኋላ ለማስለመድ ብዙ ድካም ይጠይቃል። በጨለማ ያደገው ውሻ ሌባውንም፣ እንግዳውንም፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውንም እኩል ይፈራል፤ ስለዚህም ለሁሉም እኩል ይጮኻል፤ ጩኸቱ ምንም የሚያስታውቀን ነገር ስለማይኖረው እኛም መስማት እንተዋለን። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ከቤተሰቡ ጋር በሰላም ያደገ ውሻ የቤቱን ሰውና ባዕዱን ለይቶ ስለሚያውቅ በእኩለ ሌሊት የሚያሰማው ጩኸት ከአልጋ መነሣት የሚገባው ጩኸት ነው።

በረንዳ ላይ ስለሚጮኹት ውሾች ደግሞ ለየት ያለ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በከተማችን የፈረንጅ ውሻ ማሳደግ እንደ ክብር መቆጠር ጀምሯል። ቀኑን ሙሉ በጎችን ተከትሎ እንዲሮጥ የተዳቀለው ጀርመን ሸፐርድ በብዙ ብር ተገዝቶ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ልብስ ማስጫ ከምታክል በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ከታች የሚያልፈውን ሁሉ ያያል፤ አንዱንም ሊደርስበት አይችልም። ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «ዝም በል!» እያለ ሲጮኽበት፣ ውሻው የሚረዳው ጌታውም አብሮት እየጮኸ እንደሆነ ነው። ለዚህ ውሻ የሚበጀው ጠዋትና ማታ በማሰሪያ ተይዞ በእግር መንሸራሸር፣ እያሸተተ የሚሄድበት ጊዜ ማግኘት፣ በረንዳው ላይ ብቻውን በሚሆንበት ሰዓት ወደ ቤት መግባት ነው። ሐበሻው ውሻችን፣ ማንም ዋጋ ሳይሰጠው፣ ከእነዚህ ከብዙዎቹ ይልቅ ለከተማ ኑሮ የተስማማ መሆኑን በትዝብት እናገራለሁ።

ማሠልጠን የሚለው ነገር ብዙ ሰው ዘንድ ከፖሊስ ውሻ ጋር ብቻ ይያያዛል። እንደዚያ አይደለም። ውሻ አንድን ድርጊት ከውጤቱ ጋር የሚያያይዘው ሁለቱ ተከታትለው፣ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሲመጡ ነው። ጎረቤት ሲያልፍ ጩኸቱን አቁሞ ዞር ብሎ ያየን እንደሆነ በዚያችው ቅጽበት ቁራሽ ዳቦ ወይም ቅንጣት ሥጋ ብንሰጠው፣ ዝምታ እንደሚያዋጣው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገባዋል። ማታ ከሥራ ተመልሰን ጠዋት ያኘከውን ጫማ እያሳየን ብንደበድበው ግን የሚማረው ጌታው ሲመጣ መፍራትን ነው። «ጥፋቱን ስለሚያውቅ እኮ ነው አንገቱን የደፋው» የሚሉ አሉ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሾችን ጠባይ የምታጠና ሳይንቲስት በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ያን አንገት መድፋት የሚያመጣው ውሻው ማጥፋቱ ሳይሆን የባለቤቱ ቁጣ መሆኑን አሳይታለች፤ ምንም ያላጠፉ ውሾችም ሲቆጧቸው ያው የጥፋተኛ መልክ ታይቶባቸዋል። በዚሁ አጋጣሚ፣ ለማባበያ ብለን የምንሰጠው ነገር ከወጥ የወጣ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርሱ፣ ከበዓል በኋላ ያለው የዶሮ ወጥ ትርፍራፊ ከነተቀቀለው አጥንቱ ለውሻ መስጠት እርሱን መጉዳት ነው።

በስብሰባው አንድ አባት ውሻ ርኩስ ስለሆነ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር የለበትም ብለዋል። ስሜታቸውን አከብራለሁ፤ ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ የሚደረገውን ጥንቃቄም አውቃለሁ። ሆኖም በመጽሐፈ ጦቢት የጦቢት ልጅ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው ተከትሎት መሄዱ ተጽፏል። በእስልምናም ለጥበቃና ለአደን ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው። የእምነት ጥያቄ ስለ ንጽሕናና ስለ ቦታ ደንብ ማውጣትን ይጠይቅ ይሆናል፤ እንስሳውን ሜዳ ላይ መጣልን አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋት ልምጣ። በአገራችን ውሻ ነከሰ ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ ወደ እብድ ውሻ በሽታ መሄዱ ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል፣ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም እስከ 99 በመቶው በውሻ አማካይነት መሆኑን፣ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን ይገልጻል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ያበደ ውሻ ደግሞ እየሮጠ የሚናከስ አይደለም። ቁጡ የነበረው በድንገት ሰው ላይ የሚለጠፍ፣ ለማዳ የነበረው ጨለማ ፈልጎ የሚደበቅ አለ። መንጋጋው ወርዶ ለሃጩ ሲዝረከረክ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብለው እጃቸውን አፉ ውስጥ የሚከቱ ሰዎች በሥራ ዘመኔ አጋጥመውኛል፤ ይህን ፈጽሞ ማድረግ አይገባም። የተነከሰ ወይም ቁስሉን የተላሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ጠበሉንም ሆነ የአገር መድኃኒቱን ሳያስቀድም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጤነኛ መስሎ የሚታየውን የነከሰ ውሻ እዚያው በድንጋይ መግደልም ስሕተት ነው፤ ለ10 ቀን ተለይቶ ታስሮ ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን የሚያስተላልፍ እንዳልነበረ ሐኪሞቹ ያውቃሉ። የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን እነዚያን ቀናት መጠበቅ የለበትም።

ውሾቹን ከግቢ ማስወጣት ከዚህ በሽታ ያድነናል ወይ? መልሴ አያድነንም ነው፤ እንዲያውም ያቀርበናል። ውሻው ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ አይጠፋም፤ ከአጥሩ ውጭ ባለው የቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል። ሴት ቡችሎች «ትወልዳለች» እየተባሉ በየወንዙ ዳር ሲጣሉ የምናየው ውጤት ይኸው ነው። እስከ ትናንት ስም፣ ባለቤትና የክትባት ካርድ የነበረው እንስሳ፣ ከወር በኋላ ማንም ሊይዘውና ሊከትበው የማይችል ይሆናል። ልጆቻችን ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው በገንዳው በኩል ነው። መርዝ ይበተን የሚለው ሐሳብም በስብሰባው መነሣቱ አሳዝኖኛል። ውሾችን በጅምላ መግደል የእብድ ውሻ በሽታን እንደማይገታ በብዙ አገሮች የታየ ሐቅ ነው፤ የተከተቡትም አብረው ስለሚሞቱ፣ ባዶ የቀረውን ስፍራም ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ያልተከተቡ ውሾች ስለሚይዙት። በሽታውን የሚገታው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ክትባቱ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ተሰጥቶ በየዓመቱ የሚደገም ሲሆን፣ ዋጋው አንድ ሰው ከተነከሰ በኋላ ከሚወጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ማኅበሩ ሊይዘው የሚገባው እንግዲህ ባለቤቱን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ያመለጠ ቢሆን ወይም የደረሰው ጉዳት አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ የእንስሳው ባለቤት ለጉዳቱ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። የተነከሰው ልጅ ቤተሰብ ለሕክምና ያወጡትን ለመጠየቅ አዲስ ደንብ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም ነበር፤ ሕጉ ነበር፣ የነገራቸው አልነበረም። በስብሰባው ላይ የውሻው ባለቤት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አንድም ቃል ሳይናገሩ መውጣታቸውን፣ እኛም ስለ ውሻው ስንነጋገር ስለ እርሳቸው አለመጠየቃችንን ልብ ይሏል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አመራር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ውሻ ያለው ነዋሪ ሁሉ በስሙ ያስመዝግብ፤ ዓመታዊ የክትባት ካርዱን ያሳይ፤ ውሻው ከቤት ሲወጣ በማሰሪያ ተይዞ ይሁን፤ ዓይነ ምድሩን ባለቤቱ ያንሣ፤ በጋራ መተላለፊያ ውሻ አስሮ ማዋል ይከልከል፤ እንዲዋለድ ያልፈለገ ያስመክን። ይህን ለማይፈጽም ሰው ቅጣቱ ይጥበቅበት፤ ደግሞ ደጋግሞ እምቢ ያለው ሰው ውሻ የማሳደግ መብቱን ይጣ፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ልጆቻችንንም የማያውቁትን ውሻ እንዳይነኩ፣ ምግብ በመብላት ላይ ያለን ወይም ከቡችሎቿ ጋር ያለችን ውሻ እንዳይጠጉ፣ ውሻ ሲመጣባቸው ሮጠው ከማምለጥ ይልቅ ዓይኑን ሳያዩ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ በየቤታችን እናስተምር። ክትባቱን በተመለከተ፣ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለክፍለ ከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ደብዳቤ ቢጽፍና በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በግቢው በር አጠገብ ቢዘጋጅ፣ ውሻ አያያዙንና ምዝገባውን እኔ ያለ ክፍያ ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ። ከምሰሶው ጋር ለታሰረው ውሻ ባለቤትም ይህንኑ በአካል ነግሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጡኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)