ልጄ ልትወስደው ለማትችለው ፈተና ስለተሰጣት ዝግጅት የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በቤት ውስጥ ለሚማሩ ልጆች የምትሰጡትን የእንግሊዝኛ ፈተና ዝግጅት ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የምትማረው ቤት ውስጥ ነው። ላለፉት ሰባት ወራት የእናንተ የኦንላይን ተማሪ ናት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ፈተናዋ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ስልክ ደውያለሁ፣ ኢሜይልም ልኬያለሁ። የተሰጠኝ መልስ ስላላረካኝ አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው ልጻፈው ብዬ ነው።

እናንተን የመረጥንበት ምክንያት አንድ ነው። በአማርኛ ታስረዳላችሁ። እኔ እንግሊዝኛ እሰማለሁ፣ የዕለት ጉዳዬንም እጨርስበታለሁ። የፈተና ደንብ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሁሉም ነገር ኮድ አለው፣ ከኮዱ አንድ ፊደል ሲቀየር ፈተናው ሌላ ይሆናል። ይህን በራሴ ቋንቋ ረጋ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው ሳገኝ እፎይ አልኩ። ማስታወቂያችሁ ላይም «በቤት ውስጥ ለሚማሩ ልጆች የተዘጋጀ» ይላል። አምኜ ከፈልኩ።

ስልኩን ያነሱልኝ ሠራተኛ ችግሩ የገባቸው ስላልመሰለኝ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ልጄ የምትዘጋጀው ለፒርሰን ኤዴክሴል ኢንተርናሽናል ጂሲኤስኢ እንግሊዝኛ ቋንቋ ኤ ነው፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ለሚወሰደው የብሪታንያ ፈተና። ኮዱ 4ኢኤ1 ነው። ፈተናው ፔፐር በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ነው። ፔፐር 1ን ሁሉም ተፈታኝ ይወስደዋል። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከ90 ይታረማል፣ የጠቅላላውን ውጤት 60 በመቶ ይይዛል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው በቀሪው 40 በመቶ ላይ ነው። አንዱ ፔፐር 2 ነው። ልጁ ፈተና ክፍል ተቀምጦ በ1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ በግጥም ወይም በልቦለድ ላይ የቀረበ ጥያቄ ይመልሳል፣ አንድ የፈጠራ ጽሑፍም ይጽፋል። ሌላው ፔፐር 3 ነው፣ ኮርስወርክ የሚባለው። ሁለት ጽሑፎች በትምህርቱ ጊዜ ይጻፉና አስተማሪ አርሟቸው ይላካሉ።

ኮርስወርክ ለትምህርት ቤት ልጅ ጥሩ ነገር ነው። አስተማሪው በየሳምንቱ ያየዋል። ሲጽፍ ያየዋል። መጨረሻ ላይ «ይህ የራሱ ሥራ ነው» ብሎ ይፈርምለታል። ቤት ውስጥ ለሚማር ልጅ ያ ፊርማ ከየት ይመጣል? የግል ተፈታኝ የሚመዘገበው በፈተና ማዕከል በኩል ነው። ማዕከሉ ደግሞ ልጁን የሚያየው ለፈተና የመጣ ቀን ነው። እንደኛ ያሉ ቤተሰቦች ከዳር እስከ ዳር በፈተና የሚያልቀውን መንገድ የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበትም ይህንኑ ነው።

እናንተ ግን ልጄን ያዘጋጃችሁት ለፔፐር 1 እና ለፔፐር 3 ነው።

ይህን ያወቅሁት ከእናንተ አይደለም። ለማስመዝገብ የፈተና ማዕከል ስደውል ነው። የምዝገባው ቀነ ገደብ ሊያልፍ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የፔፐሮቹን ቁጥር እናንተ ከላካችሁልኝ ወረቀት ላይ እያየሁ አነበብኩላቸው። ሴትዮዋ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ኮርስወርኩን ማን ነው የሚፈርመው?» አሉኝ። አስተማሪዋ አልኳቸው። «የት ነው የሚያስተምሯት?» በኦንላይን። «ስትጽፍ አጠገቧ የነበረ አስተማሪ አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ፊቴን ታያለች። ሁለቱ ጽሑፎቿ ከፊቷ ነበሩ፣ በሰማያዊ ክላሰር ውስጥ። አንዱን አራት ጊዜ ደጋግማ ነው የጻፈችው። ስልኩን ስዘጋ ምንም አላልኳትም። እሷም ምንም አልጠየቀችኝም። ክላሰሩን ዘግታ መደርደሪያው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

በዚያኑ ቀን ደወልኩላችሁ። የተሰጠኝን መልስ እንደወረደ ልጻፈው፦ «ልዩነት የለውም እኮ፣ ያው ነው። ፔፐር 2 ብለው ያስመዝግቧት።» አስመዘገብኳት። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ? ግን ያው አይደለም። ይህ «ያው ነው» የሚለው ቃል እስካሁን ውስጤን ይበላኛል።

ኮርስወርክ ላይ ልጁ ሳምንታት አሉት። ያስባል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጀምራል። ፔፐር 2 ላይ ያለው 90 ደቂቃ ነው፣ ማርኩ ደግሞ 60 ነው። ለአንድ ማርክ አንድ ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። አንብቦ፣ አስቦ፣ ጽፎ፣ የጻፈውን መልሶ አይቶ። በሰዓት መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንድ ልጅ ይህን ሙያ የሚያዳብረው ሰዓት ፊቱ ተቀምጦ ደጋግሞ ሲሞክር ነው። ልጄ ከእናንተ ጋር በቆየችበት ጊዜ በሰዓት የጻፈችው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም ለፔፐር 1።

ከዚህ የባሰው የሚነበበው ነገር ነው። አንቶሎጂ በሚባለው፣ ለፈተናው የተመረጡ ጽሑፎች በተሰበሰቡበት መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ 10 ጽሑፎች አሉ፣ ግጥምም ልቦለድም። ጥያቄው የሚመጣው ከእነሱ በአንዱ ላይ ነው። የትኛው እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፣ ፈተና ክፍል ውስጥም ይህን ልተወው ያንን ልምረጥ አይባልም። ጽሑፉ ከፈተናው ጋር ታትሞ ይሰጣል፣ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ እያነበበ ያለ ልጅና ቀደም ብሎ መስመር በመስመር የተወያየበት ልጅ እኩል አይሆኑም። ለኮርስወርክ ስለሚበቃ እናንተ ያስተማራችኋት ሁለቱን ብቻ ነው። ስምንቱን አላየቻቸውም ነበር።

አሁን ብቻዋን እያጠናቻቸው ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ ዝርዝር ለጥፋለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስቱን ጨርሳለች። ማታ ማታ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንዱን ግጥም ጮክ ብላ አነበበችልኝና «እማዬ፣ ይሄ መስመር ለምን እዚህ ጋ የተቆረጠ ይመስልሻል?» አለችኝ። እኔ ይህን ማስረዳት አልችልም። ብችል ኖሮ መጀመሪያውኑ አስተማሪ አልፈልግም ነበር።

ስለ እርማቱም መናገር አለብኝ። ፔፐር 1 ላይ ሁለት ጽሑፎችን የሚያነጻጽር አንድ ጥያቄ አለ። ብቻውን 22 ማርክ ይይዛል፣ ከንባብ ጥያቄዎቹ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ልጄ ሠርታ ላከችላችሁ። ከ19 ቀን በኋላ ተመለሰ። ገጹ ላይ ሁለት የራይት ምልክት ነበር። ከታች «ጎበዝ! በርቺ!» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

«ከ22 ስንት ነው?» አለችኝ። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየች።

ከዚያ የእርማት መመሪያውን ራሷ ፈልጋ አተመችው። ቁጭ ብላ መልሷን ከመመሪያው ጋር አመሳከረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ስለ አንዱ ጽሑፍ ብቻ ናቸው። ቀጣዮቹ ሁለቱ ስለ ሌላው። ማነጻጸሩ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የመጣው። ጥያቄው የሚፈልገው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ቀስት እየሰራች ሁለቱን ክፍሎች አገናኘቻቸው፣ ከዚያ መልሱን እንደ አዲስ ጻፈችው። ይህን ማየት የነበረበት ገንዘብ የተከፈለው አስተማሪ ነው። ልጅ ሲመሰገን ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ስህተቱ ያልተነገረው ልጅ ያንኑ ስህተት ይዞ ፈተና ክፍል ይገባል።

ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ እንዲህ ዓይነት እርማት ቢያጋጥመው ሌላ መላ አለው። ጓደኛውን «አንተ ስንት አገኘህ?» ይላል። ሌላ አስተማሪ ኮሪደር ላይ ያገኛል። ፔፐር 2 የሚባል ነገር እንዳለ ከክፍል ጓደኞቹ ወሬ እንኳ ይሰማል። ልጄ ይህ ሁሉ የላትም። ያላት የእናንተ ቃል ብቻ ነው። እናንተ ስትሳሳቱ እሷ ጋ ደርሶ የሚያርም ሌላ ሰው የለም።

ጥሩውንም መናገር አለብኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ያስተማሯት መምህር ድንቅ ነበሩ። አንድ ቃል አንባቢው ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ጸሐፊው አጭር ዓረፍተ ነገር ለምን እንደመረጠ በትዕግሥት ያሳዩአት ነበር። ልጄ ዛሬ ጋዜጣ ስታነብ እንኳ እንደዚያ ነው የምታነበው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰኞ ሌላ ሰው ስክሪኑ ላይ መጣ። ለምን እንደተቀየሩ የነገረን የለም።

በኢሜይል ለጻፍኩላችሁ የመለሳችሁት ደግሞ ይበልጥ አሳዘነኝ። «ካልሆነ አይኤልትስ ትውሰድ፣ እሱም የእንግሊዝኛ ፈተና ነው» ይላል። አይኤልትስ ሌላ ፈተና ነው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ይፈትናል፣ ውጤቱ ባንድ በሚባል እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም አይመከርም። ልጄ 15 ዓመቷ መሆኑ በእናንተው ፎርም ላይ ተሞልቷል። ፎርሙን ከፍቶ ያየ ሰው ይህን አይጽፍም ነበር።

አሁን የምፈልገውን ልናገር።

የቀሩትን አምስት ጽሑፎች የሚያስተምራት መምህር ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይመደብላት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ቢቻል የመጀመሪያው መምህር ይሁኑ። ከፈተናው በፊት ቢያንስ ሦስት ሙሉ ፔፐር 2 በሰዓት ትሥራና እያንዳንዱ በአራት ቀን ውስጥ ታርሞ ይመለስላት፣ በማርክ እና በአስተያየት፣ የት እንደጎደለ ተጽፎ። ለኮርስወርክ የከፈልኩት ገንዘብም ይመለስልኝ። ያ ትምህርት ለልጄ ፈጽሞ ዋጋ አልነበረውም አልልም፣ መጻፍ ተምራበታለች። ግን የተሸጠልኝ እንደ ፈተና ዝግጅት ነው፣ ለፈተናው ደግሞ አላገለገለም።

ማስታወቂያችሁም ይስተካከል። አንድ ቤተሰብ ሲመዘገብ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የፈተና ማዕከል አግኝታችኋል ወይ? ማዕከሉ የትኞቹን ፔፐሮች ይቀበላል?» የሚለውን ይሁን። ይህ ጥያቄ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔን ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ መስከረም ላይ እጨርሰው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፣ ይህኛው መልሳችሁን እስክትጽፉ አይቆይም። ከልጄ ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩ ሌሎች ልጆች አሉ። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን አውቀዋለሁ። አብዛኞቹ ቤት ውስጥ ነው የሚማሩት፣ እነሱም ኮርስወርክ እየጻፉ ነው። እናቶቻቸው ማዕከል ደውለው ይሆን? እኔ ስልካቸው የለኝም፣ እናንተ አላችሁ። የምዝገባው ቀነ ገደብ አልፏል። ዘግይቶ ለሚመጣ ማዕከሎች ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ የማይቀበሉም አሉ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ነገሩ እየከበደ ነው የሚሄደው። እባካችሁ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።

ለቀረው ጥያቄዬ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። የላካችሁልኝን የፔፐር ዝርዝር፣ የማዕከሉን ኢሜይል እና «ጎበዝ! በርቺ!» የተባለበትን ወረቀት ኮፒ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ስልክ ለመደወል ከፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ጠዋት ጠዋት ልጄ በሰዓት ስለምትጽፍ ስልኬን አጠፋዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የተማሪዋ እናት