«በነፃ» የምትለዋን ቃል አንሱልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ያበሸቀኝ አንድ ቃል ነው። «በነፃ የሚታከሙ አረጋውያን በመድህኑ ላይ ጫና ፈጥረዋል» ብላችኋል። በነፃ? ማን ነው በነፃ የታከመው?

እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ስሰፋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ የሚባል የለኝም። ባለቤቴ ስኳር አለባት። መዋጮውን በየዓመቱ ከፍለን ደብተራችንን እናሳድሳለን። መክፈል ላልቻለው ደሃም ቢሆን መንግሥት ይከፍልለታል እንጂ ማንም ዝም ብሎ አይታከምም።

ባለፈው ወር ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈልን። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን፤ ሰልፍ ላይ ዋልን። መድኃኒት መስጫው መስኮት ስንደርስ ልጅቷ ወረቀቱን አይታ «ኢንሱሊን የለም» አለች። ከውጭ ገዛን፣ ከኪሳችን። ቤት ስንመለስ መብራት ጠፍቷል። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ብርድ አይደለም፣ ይሞቃል። የኢንሱሊኗን ብልቃጥ ሙቀት እንዳያበላሻት በላስቲክ ጠቅልዬ ውሃ የያዘ እንስራ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ ቀዝቅዛ እንደሆን ዳበስኳት። ነፃ ያላችሁት ይሄን ነው?

መድህን እኮ ጤነኛው ለታመመው፣ ወጣቱ ለሽማግሌው የሚያዋጣበት ነው። እድራችንም እንደዚያው ነው። ሐዘን የገባበት ቤት እድሩን አከሰረ ተብሎ ተወቅሶ ያውቃል? ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከፍሎ መድኃኒት ያጣ ሰው በዓመቱ አያሳድስም። ቀድሞ የሚወጣው ደግሞ ጤነኛው ነው፤ ምን አስጨንቆት ይቆያል? ሕመምተኛው ብቻውን ይቀራል፣ ገንዘቡም ያልቃል። ይህን ትታችሁ እኛን ከሰሳችሁ።

ደግሞ የወሎን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችሁም። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ እዚሁ የደሴ ጎረቤት ተሁለደሬ ነበረች። እዚያው ወረዳ ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄዳችሁ አንድ የቆየ አባል ብታናግሩ ምን ነበረበት?

ባለቤቴ ዐይኗ ስለደከመ ዘገባውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስጨርስ «እኔን ነው እንዴ ጫና ያሉት?» አለችኝ። እርማቱን እዚያው ዘገባው የወጣበት ቦታ አውጡት። እሱንም አነብላታለሁ።

ከኮምቦልቻ