የቅዳሜው የጓሳ የመስክ ልኬት

ለተከበራችሁ የመስክ ቡድናችን አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ወደ መንዝ ጓሳ ወጥተን፣ ከብት በሚግጠውና ከግጦሽ ተከልሎ በቆየው ሣር መካከል ያለውን የዕፅዋት ልዩነት እንለካለን። በተጋጠው በኩል እንደ ማገጥ ያሉ መሬት ለመሬት የሚነጠፉ ዕፅዋት፣ በተከለለው ደግሞ ለቤት ክዳን የሚታጨደው ረጅሙ የጓሳ ሣር ይበዛሉ ብለን እንጠብቃለን፤ ሆኖም ረጅሙ ሣር ብርሃን ሲከለክላቸው ትናንሾቹ ዝርያዎች ሊጠፉ ስለሚችሉ፣ ከግጦሽ መከለል ሁልጊዜ ብዝኃ ሕይወትን ይጨምራል ብላችሁ አትነሡ (እኔም በዚህ ተሳስቼ አውቃለሁ)።

መነሻችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ከግቢው ዋና በር ነው። እያንዳንዳችሁ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ፌስታልና ሶፍት ያዙ፤ የተቆረጠ ቅጠል በእርጥብ ሶፍት ካልተጠቀለለ ጠውልጎ ይኮማተራል፣ የስፋቱም ልኬት ይበላሻል። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ልብስ አይረሳ።

የምትመጡም የምትቀሩም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ እንድታሳውቁን፣ መሬት ላይ አስቀምጠን በውስጡ ያሉትን ዕፅዋት የምንቆጥርበት የ1 ሜትር በ1 ሜትር ክፈፍ በእጁ ያለ አባልም እንዲገልጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።