ሚሚዬ፣ ጆሮሽን ወትፊ

ፍራንክፈርት፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

የኔ ልጅ ሚሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት እንደተለመደው ነው፤ አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ቁጣ።

በስልክ ያልጻፍኩልሽ በሁለት ምክንያት ነው። በስልክ የላክሁልሽን ሳትጨርሺው አውራ ጣት ልከሽልኝ ታልፊያለሽ። ደግሞም ፖስታው ውስጥ ዕቃ አለ። እንዳትጥዪው፣ እመለስበታለሁ። በአማርኛ የጻፍኩትም ሆን ብዬ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ፊደል የቆጠርሽው በከንቱ አይደለም። ያልገባሽን እናትሽን ጠይቂ።

ባለፈው ወር ከጭፈራ ቤት ወጥተሽ ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮሽ ሲጮህ ነበር አሉ። ለእናትሽ ነግረሽ “ለአባዬ እንዳትነግሪው” ብለሻታል። ለመሆኑ እናትሽ ምስጢር ስትጠብቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? የተቆጣሁት ለመጨፈርሽ አይደለም። 22 ዓመትሽ ነው፣ ጨፍሪ። ከእኔ መደበቅሽ ነው ያናደደኝ። እዚህ ቤት ውስጥ ስለ ጆሮ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

አሁን ደግሞ ለቅዳሜ ሆክንሃይም የሚጫወቱትን የእነዚያን የሮክ ሽማግሌዎች፣ የኤሲዲሲን ትኬት ቆርጠሻል። ሂጂ። አልከለክልሽም። ግን ጆሮሽን ወትፊ።

የወፍጮ ቤቱን ነገር ታውቂዋለሽ። ግን ግማሹን ነው የነገርኩሽ። ወልድያ አጎቴ ወፍጮ ቤት ስገባ 14 ዓመቴ ነበር። የናፍጣው ሞተር ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ከጎኔ የሚፈጩት ሽማግሌ ሁልጊዜ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ አለ። “አንተ ልጅ፣ ጥጥ ወትፍ” ይሉኝ ነበር። እኔ አፈርኩ። የሰፈር ልጆች እሳቸውን “ባለ ጥጡ” እያሉ ይስቁባቸዋል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ይሄ ነው ያልነገርኩሽ። አራት ዓመት ሙሉ በየማታው ጆሮዬ እየጮኸ ተኛሁ። የደከመኝ ነበር የሚመስለኝ። በግራ ጆሮዬ ሲያናግሩኝ “ምን?” የምለው በእርጅና አይደለም ሚሚ። ነግረውኝ ነበር።

የኤርፖርቱ ሥራ ላይ በየዓመቱ ስለ ድምፅ ያስተምሩናል። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው። 85 ዴሲቤል ሰው 8 ሰዓት ይችለዋል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሺ የቀረሽ 15 ደቂቃ ነው። እነዚህ ሽማግሌዎች ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ይጫወታሉ። ሒሳቡን አንቺ ሥሪው፣ ዩኒቨርሲቲ ያለሽው አንቺ ነሽ። የውስጠኛው ጆሮ እንደ ጤፍ ቡቃያ የሳሱ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉት። ኃይለኛ ድምፅ ሲያስተኛቸው መጀመሪያ ላይ ቀና ይላሉ። ሲደጋገምባቸው ይሞታሉ። ዳግም አይበቅሉም። የአንቺ ሦስት ቀን የጮኸው ያ ነው።

አብሮኝ ሻንጣ የሚጭነው ጀርመናዊ ከልጅነቱ ጀምሮ የኤሲዲሲ ነገር አይሆንለትም። ሳምንቱን ሙሉ አስተማረኝ። ዘፋኙ ብራያን ጆንሰን 76 ዓመቱ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ሐኪሞች “መድረኩን ካልተውክ ጭራሽ ትደነቁራለህ” አሉት። ሌላ ሰው ተክተው ጉዞው ቀጠለ። ታዲያ ራሱ ሲናገር “ጆሮዬን የጎዳው ሙዚቃው አይደለም” ነው የሚለው። መኪና ይወዳደር ነበር። አንድ ቀን ከሄልሜቱ ሥር የጆሮ ውታፉን ማድረግ ረሳ። አንድ ቀን ሚሚ! ቅዳሜ የሚዘፍንልሽስ የት ነው? የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ላይ።

ደግሞ በፈረንጆቹ 1980 የፊተኛው ዘፋኛቸው ሞቶ፣ በዚያው ዓመት ያወጡትን አልበም ሽፋን ጥቁር አደረጉት። ለሐዘን ነው። ከል ለበሱ ማለት እኮ ነው። ይሄን ስሰማ ትንሽ ወደድኳቸው። ግን አድናቂዎቻቸው የሚያደርጉትን ያን የሚያበራ ቀይ ቀንድ ራስሽ ላይ እንዳታደርጊ። ሁሉም ያደርገዋል ትይኝ ይሆናል። እናትሽ ፎቶውን ካየች ጠበል ነው የምትወስድሽ፣ እኔም አላስጥልሽም።

ስማቸውን ያወጣችላቸው እህታቸው ናት አሉ። ኤሲዲሲ የሚለውን፣ የኤሌክትሪክ ዓይነት ማለት ነው፣ ስፌት ማሽን ላይ ተጽፎ አይታ ነው። የአያትሽ ማሽን በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነበር። መብራት አያውቅም። እኔ ባንድ ባቋቁም ኖሮ ስማችን ሲንጀር ይሆን ነበር።

አያትሽን ካነሣሁ አይቀር፣ ይህን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 2002 ነው፣ አንቺ ሦስት ወርሽ። እሁድ እሁድ የስልክ ካርድ ፍቄ ጎረቤት ቤት እደውልላት ነበር። ያን ቀን አንቺን በቀኝ ክንዴ ታቅፌሻለሁ። ስልኩ በግራ ነው። መስመሩ ይንኳኳል። እማዬ አንድ ነገር ነገረችኝ። ረዘም ያለ ነገር። አልሰማሁም። “እማዬ ድገሚልኝ” ማለት አፈርኩ፣ ካርዱም እያለቀ ነው። “እሺ እማዬ፣ እሺ” አልኳት። ደስ አላት፣ ሳቋ ተሰማኝ። ከዚያ መረቀችኝና ካርዱ አለቀ። በሁለተኛው ሳምንት አረፈች። በኋላ አክስትሽን “ምን ነበር ያለችኝ?” ብዬ ጠየቅኋት። “እሺ አለኝ ብላ ደስ ብሏት ነው የሰነበተችው” አለችኝ። ምን እንደጠየቀችኝ እሷም አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ብዬ እሺ እንዳልኩ አላውቅም። አንዳንዴ ሻንጣ እየጫንኩ አስበዋለሁ። ቤቱን አድስ አለችኝ? ልጅቷን አምጣና አሳየኝ አለችኝ? አንቺን ታቅፌ ስለነበር እስካሁን አልነገርኩሽም። የአንቺ ጥፋት እንዳይመስልሽ። የአንቺ አይደለም። የጥጡ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ጥንድ ውታፍ አለ። ከመሥሪያ ቤት አይደለም፣ ከፋርማሲ ገዝቼ ነው። እጅሽን ታጥበሽ በጣትሽ እያሽከረከርሽ አቅጥኚው። በሌላኛው እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢ። አስገቢውና እስኪያብጥ ድረስ በጣትሽ ያዢው፣ እስከ 30 ቁጠሪ። የራስሽ ድምፅ ጎርነን ብሎ ከተሰማሽ ገብቷል ማለት ነው። ሙዚቃው ይቀርብኛል ብለሽ አትስጊ። አይቀርብሽም።

ድምፅ ማጉያው ፊት አትቁሚ። የድምፅ ባለሙያዎቹ ድንኳን መሃል ላይ አለ፣ እዚያ አጠገብ ቁሚ፤ የሚሰሙትን የሚያስተካክሉት እዚያ ሆነው ነው። መጨረሻ ላይ መድፍ ይተኩሳሉ። ያን ሰዓት አውጥተሽው እንዳትገኚ። አንድ ዘፈን ብቻ ብለሽ እንዳታወጪው። ወትፊ።

በመኪና አትሂጂ። ወደ 100 ሺህ ሰው ይጠበቃል ይላሉ። ባቡሩ ይሻልሻል፣ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድመሽ እዪ። ስልክሽን ሙዪ። የዝናብ ልብስ ያዢ፣ ጃንጥላ አያስገቡም። ዘንድሮ ሐምሌ 5 አርብ ስለዋለ ፍስካችን ቅዳሜ ነው። መቼም ጾመሻል ብዬ ነው የማወራው። ጾም የሰነበተ ሆድሽን በዚያ ሜዳ ቋሊማ እንዳታስደነግጪው፤ ቤት በልተሽ ውጪ። እናትሽ ዶሮ ትሠራለች፣ የአንቺ ድርሻ ፍሪዘር ይገባል።

ጆሮሽ አሁንም የሚጮህ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከኮንሰርቱ በፊት። ይሄ ልመና አይደለም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ደውዪልኝ። ስልኩን በቀኝ ነው የማነሣው። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ

ሁለተኛው ጥንድ ለጓደኛሽ ነው። አፍራ እምቢ ካለች የወፍጮ ቤቱን ንገሪያት።